አልበርት አተርበርግ፤ ጭቃን በቁጥር የለካው ኬሚስት

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፣ በአያት ሜዳ ላይ ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው ከድንጋዩና ከሲሚንቶው አስቀድሞ የሚገጥመው አፈሩ ነው። በብዙው ቦታ ጥቁር መረሬ ነው። በበጋ ወራት ደርቆ ይጠነክራል፤ ተሰነጣጥቆም እጅ የሚያስገባ ክፍተት ያወጣል። ክረምት ሲገባ ያው መሬት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ለስልሶም የእግረኛውን ጫማ ይዞ የሚያስቀር ጭቃ ይሆናል። ይህን ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሸክላ ሠሪዋም በእጇ ታውቀዋለች። አንድ አፈር ከደረቅነት ወደ ልስላሴ፣ ከልስላሴም ወደ ፈሳሽነት የሚሻገረው በስንት ውሃ እንደሆነ ለይቶ በቁጥር ያስቀመጠው ግን አልበርት ሞሪትዝ አተርበርግ የተባለው የስዊድን ኬሚስት ነው። ዛሬ በማናቸውም የአፈር ምርመራ ሪፖርት ላይ ስሙ ይገኛል። ስሙን የሚጠራው ባለሙያ ብዙ ሲሆን የሰውየውን ታሪክ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አተርበርግ መጋቢት 19 ቀን 1846 በሰሜን ስዊድን የባሕር ጠረፍ በምትገኘው በኸርኖሳንድ ከተማ ተወለደ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ዝነኛው ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ኬሚስትሪ አጠና፤ በ1872ም የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ እስከ 1877 ድረስ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የትንተና ኬሚስትሪ እያስተማረ ቆየ። በነዚህ ዓመታት በስዊድንና በውጭ ሀገር እየተዘዋወረ በጊዜው አዲስ የነበረውን የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ዕውቀት ይከታተል ነበር። ከጥድ ዘይት ሲልቬስትሪን የተባለውን ውሁድ ለይቶ ያስታወቀውም በ1877 ነው። እንግዲህ የወጣትነቱ መንገድ ወደ ጭቃ የሚያመራ አልነበረም። ያየው ሁሉ ስለ ጥድ ሙጫና ስለ ዘይት መዓዛ ሲመራመር የሚያረጅ ሊቅ ይመስለው ነበር።

በዚያው በ1877 ግን ኡፕሳላን ትቶ በደቡብ ምሥራቅ ስዊድን፣ በባልቲክ ባሕር ዳር ወደምትገኘው ወደ ካልማር ሄደ። በዚያ የኬሚካል ምርመራና የዘር ቁጥጥር ጣቢያ ኃላፊ ሆነ። ጣቢያው ገበሬውን ለማገልገል የቆመ ነበር። ነጋዴ የሚሸጠው ዘር ንጹሕ መሆኑንና መብቀሉን መመርመር፣ የእህልን፣ የሥራ ሥርንና የግጦሽ ሣርን አዘራር መሞከር፣ ውጤቱንም በየጊዜው ማስታወቅ የጣቢያው የዕለት ተግባር ነበር። አተርበርግ ይህን ሥራ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልለቀቀም። ከ1891 እስከ 1900 ባለው ጊዜ ያወጣቸው ጽሑፎች በአብዛኛው የአጃንና የሌሎች እህሎችን ዝርያ እንዴት ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል የሚያስረዱ ናቸው።

ይህ የዘር ሥራ ለኋለኛው ዝናው መሠረት እንደሆነ ማስተዋል ይገባል። አንዱን የአጃ ዝርያ ከሌላው ለመለየት ዓይን ብቻ አይበቃም። ማንም ሰው፣ በየትኛውም ቦታ ቢደግመው ያንኑ ውጤት የሚሰጥ ምልክት መፈለግ አለበት። በዘር ላይ የተማረውን ይህን ሥርዓት በኋላ በአፈር ላይ ተጠቀመበት።

አተርበርግ ፊቱን ወደ አፈር የመለሰው በ1900፣ ዕድሜው 54 ዓመት ሲሆን ነው። ብዙ ሰው ያለፈውን ሥራውን መሰብሰብ በሚጀምርበት ዕድሜ እርሱ አዲስ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ጥያቄ የአፈር ቅንጣት መጠን ነበር። በዚያን ጊዜ አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ የሚሉት ስሞች በየሀገሩ የተለያየ ትርጉም ነበራቸው፤ የአንዱ ሀገር ሊቅ አሸዋ ያለውን የሌላው ሀገር ሊቅ ደለል ይለው ነበር። አተርበርግ በ1905 ባወጣው ጽሑፍ ወሰኖቹን 2 ሚሊሜትር፣ 0.2፣ 0.02 እና 0.002 ሚሊሜትር ላይ አኖራቸው። ቁጥሮቹ በአሥር በአሥር እየተካፈሉ መውረዳቸው ለማስታወስ ብቻ የተደረገ አይደለም። ቅንጣቱ እያነሰ ሲሄድ ከውሃ ጋር ያለው ግንኙነት የሚለወጥባቸውን ደረጃዎች ተከትሎ ያወጣቸው ናቸው። ውሃ በአፈሩ ቀዳዳ ወደ ላይ መሳብ የሚጀምርበትን፣ እጅግ የደቀቀውም ቅንጣት በውሃ ውስጥ ያለ ዕረፍት የሚንቀሳቀስበትን መጠን ተመልክቷል። ከ0.002 ሚሊሜትር በታች ያለውን ቅንጣት ሸክላ ብሎ የወሰነው የመጀመሪያው ሰው እርሱ እንደሆነ ይታመናል። ይህ ወሰን በ1913 በዓለም አቀፍ የአፈር ሊቃውንት ኮሚሽን ተቀባይነት አገኘ፤ እስከ ዛሬም ድረስ በብዙ ሀገር ይሠራበታል።

የሆነ ሆኖ ቅንጣትን መለካት ብቻውን እንደማይበቃ አተርበርግ ራሱ ተገነዘበ። እኩል የደቀቁ ሁለት አፈሮች በእጅ ሲያዙ አንድ ዓይነት አይሆኑም፤ አንዱ ሲለወስ ይፈረፈራል፣ ሌላው እንደ ሊጥ ይታዘዛል። ምክንያቱን ለማወቅ ልዩ ልዩ ማዕድናትን እያደቀቀ በውሃ ለወሰ። የኳርትዝና የፌልድስፓር ዱቄት የቱን ያህል ቢልም ቅርፅ መያዝ አልቻለም። እንደ ሚካ ያሉት፣ በተፈጥሯቸው እንደ ቅርፊት ስስ ሆነው የሚነባበሩት ማዕድናት ግን ሲደቁ ይታዘዙ ጀመር። ስለዚህ ለአፈር ጠባይ ወሳኙ የቅንጣቱ ትንሽነት ብቻ ሳይሆን ዓይነቱና ቅርፁ ጭምር እንደሆነ ተረዳ። የሸክላ ማዕድናትን ውስጣዊ አሠራር የሚያሳየው የኤክስሬይ ምርመራ ገና ባልነበረበት ዘመን በእጅና በሚዛን ብቻ እዚህ ድምዳሜ ላይ መድረሱ የሚደነቅ ነው።

ከዚህም የተነሣ ፕላስቲክነትን፣ ይኸውም ሳይሰነጠቅና ሳይፈስ ቅርፅ የመያዝን ጠባይ፣ ለብቻው ለመለካት ተነሣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድን ሸክላማ አፈር በብዙ ውሃ ቢበጠብጡት ይፈስሳል። ውሃው እየቀነሰ ሲሄድ ይወፍራል፣ ከዕቃ ጋር ይጣበቃል፣ ቀጥሎ ሳይጣበቅ በእጅ ይታዘዛል፣ ከዚያም መፈርፈር ይጀምራል፣ በመጨረሻም ቢደርቅም ከዚያ በላይ አይኮማተርም። አተርበርግ በነዚህ ሁኔታዎች መካከል ያሉትን ድንበሮች እየለየ ለእያንዳንዱ ድንበር የውሃውን መጠን መዘነ። የውሃው መጠን የሚቆጠረው ከደረቁ አፈር ክብደት ጋር ተነጻጽሮ በመቶኛ ነው። ለምሳሌ 100 ግራም ደረቅ አፈር 60 ግራም ውሃ ሲይዝ 60 ይባላል። በ1911 በስዊድንኛና በጀርመንኛ ያወጣቸው ጽሑፎች እነዚህን ወሰኖች ለዓለም አስታወቁ።

ከወሰኖቹ መካከል ሦስቱ በሥራ ላይ ጸንተው ቀርተዋል። የመጀመሪያው በቤተ ሙከራ ሊኩዊድ ሊሚት እየተባለ የሚጠራው የፈሳሽነት ወሰን ነው። አተርበርግ የለወሰውን አፈር በሳሕን አድርጎ በመካከሉ ፈር ያወጣና ሳሕኑን በእጁ መታ መታ ያደርገው ነበር፤ ፈሩ መገጣጠም ሲጀምር አፈሩ ድንበሩ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ሁለተኛው ፕላስቲክ ሊሚት የሚባለው ሲሆን፣ አፈሩ በእጅ እየተድቦለቦለ እንደ ክር ሲቀጥን መቆራረጥ የሚጀምርበት የውሃ መጠን ነው። ሦስተኛው የመኮማተር ወሰን ነው። በፈሳሽነት ወሰንና በፕላስቲክ ወሰን መካከል ያለው ልዩነት የፕላስቲክነት መለኪያ እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበውም እርሱ ነው። ይህ ልዩነት ፕላስቲሲቲ ኢንዴክስ ተብሎ ይጠራል፤ አፈሩ ምን ያህል ውሃ ሲጨመርለት ከመፈርፈር ወደ መፍሰስ እንደሚሻገር በአንድ ቁጥር ይናገራል። መለኪያው ለአሸዋ ምንም ማለት አይደለም፤ አሸዋ እንዲህ ያለ ጠባይ የለውምና።

ይህ ሁሉ የተሠራው ለገበሬ ነበር። ሸክላማ ማሳ በምን ያህል እርጥበት ሲታረስ ማረሻን እንደሚይዝ፣ በምን ያህልስ ሲታረስ ጓል እንደሚሆን ማወቅ ለእርሻ የሚጠቅም ነገር ነው። አተርበርግ ድልድይ የሠራ፣ የቤት መሠረት ያስቆፈረ ሰው አልነበረም። ሚያዝያ 4 ቀን 1916 በካልማር በ70 ዓመቱ ሲሞትም ሥራው በአፈርና በእርሻ ሊቃውንት ዘንድ እንጂ በመሐንዲሶች ዘንድ ገና ስም አላገኘም ነበር።

መሐንዲሶቹን ወደ ጭቃ እንዲመለከቱ ያስገደዳቸው መከራ ነው። የስዊድን ሸለቆዎች የበረዶው ዘመን ሲያበቃ በባሕርና በሐይቅ ሥር በተጠራቀመ ለስላሳ ሸክላ የተሞሉ ናቸው፤ በላያቸው የተዘረጋው የባቡር ሐዲድም በየጊዜው በመሬት መንሸራተት ይጎዳ ነበር። የመንግሥት ባቡር መሥሪያ ቤት ነገሩን የሚያጠና የጂኦቴክኒክ ኮሚሽን አቋቁሞ ከ1914 እስከ 1922 አሠራ። ኮሚሽኑ በሥራ ላይ ሳለ ጥቅምት 1 ቀን 1918 ጌቶ በተባለ ስፍራ የሐዲዱ መደብ ተንሸራቶ አንድ የመንገደኞች ባቡር ወደቀ፤ ቢያንስ 42 ሰዎች ሞቱ። ኮሚሽኑ የሸክላን ልስላሴ ለመለካት ጫፉ የሾለ ኮን በናሙናው ላይ ጥሎ የገባበትን ጥልቀት መመልከት ጀመረ። ይህ ዘዴ በኋላ የፈሳሽነትን ወሰን ለመለካት በስዊድንም በብሪታኒያም ሥራ ላይ ውሏል።

በዚያው ዘመን ካርል ቴርዛጊ የተባለው ኦስትሪያዊ መሐንዲስ በኢስታንቡል እያስተማረ የአፈር ሜካኒክስን መሠረት ይጥል ነበር። ዐቢይ መጽሐፉን በ1925 በቪየና ካሳተመ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ማስተማር ጀመረ። የአተርበርግ ወሰኖች የአፈርን ጠባይ ባጭሩ እንደሚገልጹ የተረዳው ቴርዛጊ ለመንገድ ሥራ እንዲውሉ ለመሐንዲሶች አስተዋወቃቸው። ችግሩ ግን አንድ ነበር፤ በእጅ የሚመታ ሳሕን በሁለት ሰው እጅ ሁለት ውጤት ይሰጣል። ይህን ያስተካከለው የቴርዛጊ ረዳት የነበረው አርተር ካዛግራንዴ ነው። ለአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ በሚደረገው ምርምር ላይ ሳለ የናስ ጽዋ፣ የሚሽከረከር እጀታና ጠንካራ መደብ ያለው መሣሪያ ሠራ። ጽዋው ከ10 ሚሊሜትር ከፍታ እየወደቀ በ25 ምት ፈሩ 13 ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ሲገጥም፣ በዚያ ጊዜ ያለው የውሃ መጠን የፈሳሽነት ወሰን ሆነ። ክሩም ሲቆራረጥ 3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው ተወሰነ። ካዛግራንዴ ውጤቱን ያሳተመው በ1932፣ አተርበርግ ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ ነው። መሣሪያው የካዛግራንዴ ሲባል ወሰኖቹ ግን የአተርበርግ እንደተባሉ ቀሩ።

የካልማሩ ሊቅ ሁለት ሥራዎች፣ የቅንጣት ወሰኑና የፕላስቲክነት መለኪያው፣ እንደገና የተገናኙት በ1953 ነው። የለንደኑ አሌክ ስኬምፕተን ፕላስቲሲቲ ኢንዴክስን ከ0.002 ሚሊሜትር በታች ላለው የሸክላ ክፍል በማካፈል የሸክላን ንቃት የሚያሳይ ቁጥር አወጣ። ካኦሊን የበዛበት ሸክላ ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው። ሞንትሞሪሎናይት የበዛበት ግን ከፍተኛ ነው፤ በውሃ ላይ ክፉኛ የሚያብጠውም ይኸው ማዕድን ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ይህ ዕውቀት በሁለት በር ገባ ማለት ይቻላል። አንደኛው በር መንገድ ነው። በ1950 ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር አውራ ጎዳናዎችን ለማደስ በተደረገው እንቅስቃሴ መሠረት የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1951፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1943 ተቋቋመ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአስተዳደርና በቴክኒክ የረዳው ካዛግራንዴ ምርምሩን ያደረገለት ያው የአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ ነበር። ሁለተኛው በር የአተርበርግ የትውልድ ሀገር ራሷ ናት። በ1954 የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በኋላ ሕንፃ ኮሌጅ እየተባለ የሚጠራው ይኸው ነው። ለገበሬ ተብሎ በካልማር የተጀመረው መለኪያ እንዲህ ዞሮ ገበሬ በሞላባት ሀገር ለመንገድና ለሕንፃ አገልግሎት ዋለ።

በኢትዮጵያ ለዚህ መለኪያ የሚሆን አፈር ሞልቷል። ቬርቲሶል የሚባለው የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት እንደሚሸፍን፣ ከዚህም 7.6 ሚሊዮኑ በደጋው እንደሚገኝ ይገመታል። በአዲስ አበባ ከእሳተ ጎመራ ድንጋይ የተገኘው አፈር በሁለት መልክ ይታያል። ውሃ በሚወርድበት ተዳፋት ቀይ ሸክላ ይበዛል፤ ውሃ በሚያቁርበት ሜዳ፣ በተለይም በቦሌና በአያት አካባቢ፣ ጥቁሩ መረሬ ይተኛል። አያት ለረጅም ጊዜ የእርሻ መሬት ነበር። ከተማው ወደ ምሥራቅ ሲሰፋ ግን ቪላ ቤቶችና የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በላዩ ተሠሩ፤ በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም አንዱ የመስመር ጫፉ አያት ላይ ሆነ።

የአተርበርግ ቁጥር እዚህ የሚሰጠውን አገልግሎት በምሳሌ ማየት ይቻላል። ከአንድ ጉድጓድ የወጣ ጥቁር አፈር የፈሳሽነት ወሰኑ 95፣ የፕላስቲክ ወሰኑ 35 ቢሆን ፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ 60 ይሆናል። ካዛግራንዴ በሰንጠረዡ ላይ ባሰመረው መሥመር መሠረት ከ95 ላይ 20 ተቀንሶ በ0.73 ሲባዛ 55 ያህል ይመጣል። 60 ከዚህ በላይ ስለሆነ አፈሩ ከፍተኛ ፕላስቲክነት ያለው ሸክላ ነው። ይህን ያነበበ መሐንዲስ ቤቱ በክረምት ሊነሣ፣ በበጋ ሊወርድ እንደሚችል አስቀድሞ ያውቃል። የሚያስፈራውም ከባዱ ፎቅ ብቻ አይደለም። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ በክብደቱ እብጠቱን በከፊል ይጫነዋል፤ ባለ አንድ ፎቅ ቤት፣ የአጥር ግንብና በመሬት ላይ የተነጠፈ ወለል ግን ቀላል ስለሆኑ አፈሩ ያነሣቸዋል። በር አልዘጋ የሚለው፣ ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ በሰያፍ የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔዎቹ የታወቁ ናቸው። ጥቁሩን አፈር ቆርጦ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት፣ መሠረቱን እርጥበት በየወቅቱ ከማይለዋወጥበት ጥልቀት ማድረስ፣ ለመንገድ ሥራ አፈሩን በኖራ ማከም፣ የጣሪያንና የግቢን ውሃ ከግድግዳው ማራቅ ይቻላል። ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃሉ። ከነዚህ የትኛው እንደሚበጅና እስከ ምን ጥልቀት እንደሚያስፈልግ ለመወሰን መነሻ የሚሆነው ግን በሁለት ትናንሽ ጣሳዎች ውስጥ የተመዘነው ጭቃ ነው። ቁጥሩ በስሕተት ዝቅ ቢል የቤቱ ባለቤት የዕድሜ ልክ ጥሪቱን በማይጸና መሬት ላይ ያኖራል፤ ያለ አግባብ ከፍ ቢል ደግሞ አላስፈላጊ ወጪ ይሸከማል።

ስለዚህ በቤተ ሙከራው ውስጥ የሚሠራው ሰው ታማኝነት ከመሐንዲሱ ስሌት አያንስም። የጽዋው ከፍታ በየጊዜው መለካት አለበት፤ በብዙ ምት ብዛት መደቡም ጽዋውም ያልቃል፣ ውጤቱም ይዛባል። ውሃው ወደ ቅንጣቶቹ ሁሉ እስኪደርስ ድረስ የተለወሰው አፈር ጊዜ ተሰጥቶት መቆየት ይገባዋል፤ ጥቁር ሸክላ ቸኩሎ የሚለውሰውን አይወድም። ከእሳተ ጎመራ ድንጋይ የተገኙ አንዳንድ አፈሮች አስቀድመው በምድጃ ከደረቁ ወደ ቀድሞ ጠባያቸው አይመለሱም፤ ቅንጣቶቻቸው ተያይዘው የፈሳሽነት ወሰናቸው ከእውነተኛው በታች ይሆናል። ክሩን ማድቦልቦልም ዛሬ ድረስ በእጅ የሚሠራ ነው፤ የሠራተኛው ትዕግሥት በቁጥሩ ውስጥ ይታያል።

ደግሞም ከመለኪያው አቅም በላይ መጠየቅ አይገባም። ወሰኖቹ የሚለኩት በተፈጨና በተለወሰ አፈር ላይ ነው፤ አፈሩ በምድር ሳለ የነበረው ስንጥቅ፣ ንብብርና ጥንካሬ በልወሳው ጠፍቷል። ስለዚህ ቁጥሩ አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነና ምን ሊያደርግ እንደሚችል ይናገራል እንጂ በዚያ ቦታ ምን ያህል እንደሚያብጥ በትክክል አይነግርም። ለዚያ የእብጠትና የግፊት ምርመራ በተለይ መደረግ አለበት። አተርበርግ ያቀረበው መለያ ነበር፤ ዘርን ከዘር እንደለየ ሁሉ አፈርን ከአፈር ለየ። መለያውን እንደ ሙሉ ፍርድ የሚቆጥር ሰው ከጠያቂው ይልቅ መልሱን ያከብራል።

አተርበርግ በሕይወት ሳለ ትልቅ ቤተ ሙከራ፣ ብዙ ረዳት ወይም ሰፊ ዝና አልነበረውም። የነበረው የአውራጃ ጣቢያ፣ ሚዛን፣ ሳሕንና የዘር ምርመራ ያስተማረው ጥንቃቄ ነው። አሠራሩ ከእርሱ በኋላ ተሻሽሏል፤ መሣሪያው ተለውጧል፤ ኮንም ጽዋም እየተፎካከሩ ይሠሩበታል። ጥያቄው ግን አልተለወጠም። ይህ አፈር በስንት ውሃ ይጸናል፣ በስንትስ ይከዳል የሚለውን ጥያቄ በካልማር በጀመረው መልክ ዛሬም በአዲስ አበባ ቤተ ሙከራዎች ከአያት የመጣ ጥቁር ጭቃ የሚለውስ ቴክኒሺያን ሁሉ ይጠይቀዋል።